ራጁ ዝም ሲል አጥንቱ ደህና ነው አትበይ

ልጄ፣

ትናንት ሌሊት ስትደውዪልኝ ሁለት ነገር ባንድ ትንፋሽ ነገርሽኝ። መጀመሪያ «ጋሼ፣ ራጁ ምንም የለም ብሏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሽ። ወዲያው ደግሞ «ቢሆንም ገንዘብ ልላክና ፔት ስካን ትነሳ፤ እዚህ ሜሪላንድ ያሉ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ይሉኛል» ብለሽ አለቀስሽ። ዝም ያልኩሽ መልስ አጥቼ አይደለም። መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን በራስሽ እንዳትሞዪው ብዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይኸው ተቀምጬ ጻፍኩልሽ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ለወንድምሽም አንብቢለት።

እናትሽ እህቴ ናት። እኔ ደግሞ 38 ዓመት ራጅ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ምስል ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ ግን ከጨለማ ክፍል ፊልም ማጠብ ጀምሮ እስከ ኮምፒውተሩ ዘመን በእጄ ሳገላብጠው ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ማንበቡን አልተውኩም፤ የእህቴ ነገር ከመጣ ወዲህማ ሌላ ሥራ የለኝም።

የአያትሽን ቤት የጓዳ ምሰሶ ታስታውሺው ይሆን? ጥላሸት የጠጣ፣ ወፍራም፣ የምንደገፍበት ምሰሶ ነበር። አንድ መስከረም አባቴ ጣሪያው ትንሽ ዘንበል ያለ መሰለውና ምሰሶውን በመጥረቢያው ጀርባ መታ አደረገው። ብረቱ ገብቶ ቀረ። ውጭው ቅርፊት ብቻ ነበር፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶት ኖሯል። እኛ ልጆቹ በማግስቱ እንኳ አንደገፍበትም ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ግን ማንም አልጠረጠረውም።

መልቲፕል ማይሎማ አጥንትን የሚያደርገው እንደዚሁ ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉ አሉ፤ ሥራቸው ከበሽታ የሚከላከል ፕሮቲን ማምረት ነው። ከእነሱ አንዱ ልክ ያጣና ያለ ገደብ ይራባል። አጥንት ደግሞ እንደ ድንጋይ የቆመ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ዕድሜ ልኩን በአንድ በኩል የሚያፈርሱት፣ በሌላ በኩል የሚገነቡት ሴሎች አሉት። ማይሎማ አፍራሾቹን ይቀሰቅሳል፤ የገንቢዎቹን እጅ ደግሞ ያስራል። ስለዚህ የሚቀረው ቀዳዳ ዙሪያው ጥገና የሌለው ነው። በራስ ቅል ላይ ያየሽው እንደሆነ በወስፌ የተወጋጋ ቁርበት ይመስላል። ያንን ፊልም አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

አሁን የእናትሽ ጉዳይ የት ላይ እንደቆመ ልንገርሽ፤ ይህን ካልያዝሽ የቀረው አይገባሽም። በደሟ ውስጥ አንድ ዓይነት ፕሮቲን በዝቶ ተገኘ። ከዳሌዋ የተወሰደው የመቅኔ ናሙና ከ100 ሴል 18ቱ ፕላዝማ ሴሎች መሆናቸውን አሳየ። ካልሲየሟ ልክ ነው፤ ኩላሊቷ ይሠራል፤ ደሟም አልወረደም። እንግዲህ አጥንቷም ካልተነካ በሽታው ያንቀላፋ ነው ይባልና ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት በክትትል ትቆያለች። ነገር ግን በራጅ ወይም በሲቲ ወይም በፔት ሲቲ አንድ እንኳ 5 ሚሊሜትር የሚሞላ ቀዳዳ አጥንቷ ላይ ቢገኝ በሽታው ነቅቷል ማለት ነው፤ ሕክምናው ይጀመራል። ይህን ድንበር ያሰመሩት የዓለም አቀፉ የማይሎማ ቡድን ሐኪሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014። 5 ሚሊሜትር የአንዲት ምስር ፍሬ ስፋት ነው። እናትሽ ወደ ክትትል ወይም ወደ ሕክምና የምትሄደው በዚያች ምስር ነው። ታዲያ ምስሯን ማየት የማይችል ዓይን «አላየሁም» ቢል ምን ያጽናናሽ ነበር?

ራጅን አልንቅም፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመን አገር ያን ጨረር ከማግኘቱ በፊት ሰው አጥንቱ መበላቱን የሚያውቀው ሲሰበር ብቻ ነበር። በሕክምና ታሪክ ቀድመው ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ታማሚዎች አንዷ ሳራ ኒውበሪ የምትባል የለንደን ሴት ናት፤ በ1844 ዓመተ ምሕረት በእነሱ አቆጣጠር በ39 ዓመቷ ሞተች። ባሏ አንስቶ ወደ አልጋዋ ሲሸከማት የጭን አጥንቶቿ እጁ ላይ ተሰበሩ። በፍቅር የተዘረጋ እጅ ነበር። ከዚያ ጋር ሲወዳደር ራጅ ትልቅ ብርሃን ነው። በ1975 የበሽታው ደረጃ አወጣጥ ሲደነገግም አጥንት የሚቆጠረው በራጅ ነበር፤ እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ሌላ ዓይን አልነበረንም።

ነገር ግን ራጅ የሚያየው ጥላ ነው። ከፊት ያለው ከኋላ ካለው ጋር ተደራርቦ አንድ ፊልም ላይ ይወድቃል። የወገብ አጥንትን የአንጀት ጋዝ ይጋርደዋል፤ የደረት አከርካሪን ልብና የጎድን አጥንት ይሸፍነዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ ከአጥንቱ ውስጠኛ ስፖንጅ መሰል ክፍል ከ30 እስከ 50 በመቶው ካልተበላ በስተቀር ቀዳዳው ራጅ ላይ ብቅ አይልም። ግማሹ ከሄደ በኋላ ነው የሚነግርሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ለእናትሽም እንኳ ተናግሬው የማላውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽ። በ1982 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ስሠራ አንዲት በርበሬ ነጋዴ እናት ወገባቸውን አሟቸው መጡ። ፊልሙን አነሳሁ፤ አጠብኩ፤ ለብርሃኑ ያዝኩት። ንጹህ ነበር። ውጤት መንገር የእኔ ሥራ አልነበረም፤ ግን ሴትየዋ በዓይናቸው ሲለምኑኝ «አጥንትዎ ደህና ነው፣ እናቴ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣቸው። በአምስተኛው ወር በቃሬዛ መጡ። ጆንያ ለመሳብ ጎንበስ ባሉበት ነው የቀሩት። የወገባቸው አጥንት እንደተረገጠ የክብሪት ሳጥን ተጨፍልቆ ነበር፤ ራስ ቅላቸውን ሳነሳ ደግሞ ያ የወስፌ ቀዳዳ ሞላበት። ጠረጴዛው ላይ ሳዞራቸው አወቁኝና «ደህና ነው ብለኸኝ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሰው ፊልም አይቼ «ደህና ነው» ብዬ አላውቅም። «ፊልሙ ላይ የሚታይ ነገር የለም» እላለሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንቺም ከእንግዲህ ሁለቱን ለይተሽ ስሚ።

ከዚህ የሚሻለው ለእናትሽ የቱ ነው ካልሽኝ፣ አስቀድሞ የመላ አካል ሲቲ ነው እላለሁ። ሲቲ ጥላ አይደራርብም፤ አካሉን እንደ ድፎ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ቆርሶ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ያሳያል። በራጅ የተደበቀችው ምስር በሲቲ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት 212 ታማሚዎችን በሁለቱም አነሳ፤ ከአራቱ የአንዱ ያህል ሰው አጥንት በራጅ ንጹህ ሆኖ በሲቲ ቀዳዳ ተገኘበት። ልዩነቱ የጎላው ደግሞ ጀርባና ዳሌ ላይ ነበር፤ እናትሽን የሚያማትም እዚያው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓለም አቀፉ ቡድን ባወጣው ምክር ሲቲ ራጅን ተክቶ እንዲቀድም ያደረገው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው።

ግን «ሲቲ» ብላ ብቻ እንዳትሄድ። ሲቲ ብዙ ዓይነት ነው፤ አጠያየቁን ካላወቅሽ የሆድ ሲቲ ተነስታ ትመለሳለች። ማዘዣው ላይ መጻፍ ያለበት ከራስ ቅል እስከ ጉልበት፣ ክንዶችን ጨምሮ፣ በዝቅተኛ ጨረር፣ ያለ ኮንትራስት የሚል ነው። ኮንትራስቱን አጥብቀሽ ያዢልኝ። አጥንት ለማየት በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት አያስፈልግም፤ ማይሎማ ደግሞ ኩላሊትን የሚፈታተን በሽታ ነው፣ አላስፈላጊ ሸክም አንጨምርበትም። ለዚህ ሥራ የመጨረሻው ዘመናዊ ማሽንም ግድ አይደለም፤ ባለ 16 ስላይስ የሚባለው ይበቃል። ያለ ብዙ መገላበጥ በጀርባዋ ተኝታ በጥቂት ደቂቃ ትጨርሳለች። የድሮውን የመላ አካል ራጅ ባየሽው ኖሮ! የታመመ ሰው በደረቅ ጠረጴዛ ላይ በቀኝ፣ በግራ፣ ክንድ ሽቅብ፣ እግር ወደ ውጭ እያልን እናዞረው ነበር፤ አንዳንዱ ለምርመራ የመጣበት ሕመም እዚያው ላይ ይጸናበታል። ጨረሩ ከራጁ ይበልጣል፤ እውነት ነው። ከመደበኛው ሲቲ ግን ያንሳል፤ በ64 ዓመቷ ካልታወቀ የአጥንት ስብራት ጋር ሲመዘን እኔ ያለ ማመንታት ሲቲውን እመርጣለሁ።

ሲቲም ጉድለት አለው። ምስጡ የበላውን እንጂ ምስጡን አያሳይም። በሽታው በመድኃኒት ጸጥ ካለ በኋላ እንኳ ቀዳዳው ለዓመታት እዚያው ሊቆይ ይችላል፤ ባዶ የምስጥ ጎሬ ነው። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ ሲቲ ተነስታ «ቀዳዳው አልጠፋም» ቢሉሽ መድኃኒቱ አልሠራም ብለሽ እንዳታለቅሺ።

ኤም አር አይ ግን ምስጡን ከእንጨቱ በፊት ያያል። መቅኔ ውሃና ስብ ነው፤ ኤም አር አይ የሚያነበው ያንን ነው፤ ስለዚህ አጥንቱ ገና ሳይቦረቦር ሴሎቹ ተሰብስበው የሰፈሩበትን ቦታ ያሳያል። ጨረርም የለውም። 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ሰፈራ ከአንድ በላይ ከተገኘ፣ ቀዳዳ ባይኖርም እንኳ ሕክምና የሚያስጀምር ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመላ አካል ኤም አር አይ ከሲቲም ቀድሞ እንዲታሰብ ነው የመከረው። አየሽ፣ አዋቂዎቹም ሁሉ በአንድ ቃል አይናገሩም፤ አንዱ አገር ማሽኑ በየቦታው አለው፣ ሌላው የለውም። ዓለም አቀፉ ቡድን የሚመክረው ሲቲው ንጹህ ሆኖ በሽታው ያንቀላፋ ከመሰለ ኤም አር አይ እንዲከተል፣ የመላ አካሉ ካልተገኘም የአከርካሪና የዳሌው እንዲነሳ ነው። የእህቴ መንገድ ይህ ይሁን ባይ ነኝ።

አስቸጋሪው እናትሽ በር ሲዘጋ ትንፋሽ የሚያጥራት ሰው መሆኗ ነው። ማሽኑ ጠባብ ነው፤ ይጮሃል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያስተኛል። ይህን ለባለሙያዎቹ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ማረጋጊያ መስጠት ይቻላል። እኔም እግሯን ይዤ እቆማለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው መቆሙ የተከለከለ አይደለም፤ ብረት ካልያዘና ልቡ ላይ ማሽን ካልተተከለለት።

አንድ ነገር ግን በቀጠሮ አይጠበቅም፤ ይህን ለወንድምሽ በተለይ ንገሪው። እናትሽ በድንገት እግሬ ደከመኝ፣ ዛለብኝ፣ መቀመጫዬ አካባቢ ደነዘዘኝ፣ ሽንቴ እምቢ አለኝ ወይም አመለጠኝ ያለች ቀን፣ የተጨፈለቀ አከርካሪ ወይም ዕጢ ሕብለ ሰረሰሯን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ራጅ አይደለም፣ ሲቲም አይደለም፤ ዕለቱን ኤም አር አይ ነው። ሌሊት ቢሆን ሌሊት ነው። ነገ ጠዋት እናያለን ያሉ ሰዎች ሳይራመዱ ቀርተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህን ጊዜ ነው።

ወደ ጠየቅሽኝ ወደ ፔት ልምጣ። ፔት ስካን ስኳር መሰል ነገር ጨረር ተቀብቶ በደም ሥር የሚሰጥበት ምርመራ ነው። ሰውየው ወደ ስድስት ሰዓት ጾሞ ይመጣል፤ ከተወጋ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። የሚራቡ የካንሰር ሴሎች ስኳሩን ይሻሙታል፤ ማሽኑ የተሻሙበትን ቦታ ያበራል። ከሲቲ ጋር ተጣምሮ ስለሚነሳ ቀዳዳውንም ምስጡንም ባንድ ጊዜ ታያለሽ። ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞችሽ አልዋሹሽም።

ግን በምን ሥራ ላይ ነው የሚበልጠው? ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት በጣም ደስ ይለኛል፤ 134 ታማሚዎችን ገና ሲጀምሩ በኤም አር አይም በፔትም አነሷቸው። ኤም አር አይ በ95 ከመቶው ላይ በሽታውን አገኘ፤ ፔት በ91 ከመቶው። ለመጀመሪያ ፍለጋ ፔት ምንም ብልጫ አላሳየም። ከሦስት ዙር መድኃኒት በኋላ ደግመው ሲያነሷቸው ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ፔታቸው የጠፋላቸው ሰዎች በሽታው ሳይመለስባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ የኤም አር አዩ መለወጥ ግን ይህን አልተናገረም። እንግዲህ ፔት ከሁሉ የሚበልጠው ምስጡ ሞቷል ወይስ አለ ብለሽ ስትጠይቂ ነው። እኛ ገና ምስጥ አለ ወይ ብለን ነው የምንጠይቀው።

ደግሞም ፔት ይታለላል። ከአሥር ታማሚ የአንዱ ያህል ማይሎማ ስኳሩን በሴሉ ውስጥ ይዞ የሚያስቀረው ኤንዛይም ያንሰዋል፤ በሽታው እያለ ማሽኑ ላይ ጨለማ ይሆናል። በሌላ በኩል ቲቢም ያበራል፣ ቁስልም ያበራል፣ አዲስ ስብራትም ያበራል። ቲቢ በሚበዛበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእናትሽ ስኳር በሽታ ደግሞ አለ፤ ስኳሯ ከፍ ባለበት ቀን ምስሉ ይደበዝዛል። ይህን ሁሉ ተሸክማ፣ ለፔቱ ብላ ቪዛ ጠብቃ፣ በታመመ ወገብ አውሮፕላን ተሳፍራ ውጭ አገር ትሂድ? ላም አለኝ በሰማይ ይሆንብሻል። ያ ገንዘብ አሁን ሲቲውንና ኤም አር አዩን ከፍሎ ይተርፋል፤ የተረፈውን ለመድኃኒት አስቀምጪው። ሕክምና ከጀመረችና ሐኪሟ «አሁን ፔት ይጠቅማታል» ካሏት ያን ቀን እኔ ራሴ ላኪ እልሻለሁ።

ስለ አጥንት ስካንም አንድ ቃል፤ ሰዎች ሊመክሯት ስለሚችሉ ነው። ቴክኒሺየም ተወግቶ የሚነሳው ያ ምርመራ ለጡትና ለፕሮስቴት ካንሰር ጥሩ ነው። የሚያየው ግን አናጺው ሲሠራ ነው፤ ገንቢ ሴሎች የሚተጉበትን ቦታ። ማይሎማ አናጺውን እጁን አስሮታል ብዬሻለሁ፤ ስለዚህ ቤቱ እየፈረሰ ስካኑ ጸጥ ሊል ይችላል። ለዚህ በሽታ አትክፈሉበት።

ሁሉንም ምርመራ ባንዴ ታድርግ የሚል ዘመድም ይመጣል። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ብለሽ በፍቅር መልሺው። እያንዳንዱን ማሽን «አንተን የምጠይቅህ ምንድን ነው?» ብለሽ ካልጠየቅሽ ምስል ይበዛል እንጂ መልስ አይገኝም።

አሁን ደግሞ ከማሽን ውጭ ያለውን ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው። በአገራችን ወገቡን ያመመው ሰው ራጅ ላይ የተጨፈለቀ አከርካሪ ሲታይበት ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የጀርባ አጥንት ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ልዩነቱን በምስል መገመት ይቻላል፤ ቲቢ በአብዛኛው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ አብሮ ያበላሻል፣ መግልም ያጠራቅማል። ማይሎማ አጥንቱን እየበላ ዲስኩን ይምረዋል። ነገር ግን ዐይን ያያል ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ፍርዱን የሚሰጠው የደም ምርመራና ናሙና ነው። የወራት የቲቢ መድኃኒት ጨርሰው ሳይሻላቸው የመጡ፣ በኋላ ማይሎማ የተገኘባቸው ሰዎች በእጄ አልፈዋል። የምታውቂው ሰው እንዲህ ከገጠመው የደም ፕሮቲኑ ይታይ በይው።

ወጌሻ እናትሽ ዘንድ እንዳይደርስ። ጎረቤቶቿ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ቅቤ ይዘው «ትታሽ» ብለው ይመጣሉ። ጤነኛ ወገብን ማሸት ሌላ ነው፤ የተቦረቦረን አጥንት መጫን ግን መስበር ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከቤቷ ይውጡ፤ ኩላሊቷን ይጎዳሉ፤ ለሕመሙ ሐኪሟ ሌላ ይሰጧታል። ለአጥንቷ ማጠንከሪያ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባለው መርፌ ሊታዘዝላት ስለሚችል፣ ያ የሚነቃነቅ ጥርሷ አስቀድሞ ይታይ፤ መርፌው ከተጀመረ በኋላ ጥርስ መንቀል መንጋጋ ላይ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል። ስለ ስግደቱም የንስሐ አባቷን አነጋግሬያለሁ። «ቆማ ትጸልይ፤ እግዚአብሔር የልቧን ስግደት ያያል» ብለዋታል። ቅር ብሏት ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ሲነግሯት ተቀበለች።

ከእናትሽ የሚደበቅ ነገር እንዳይኖርም እፈልጋለሁ። ወንድምሽ «የሪህ ምርመራ ነው እንበላት» ብሎኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሦስት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት፤ የራሷን አጥንት ነገር መስማት አያቅታትም። ቁጭ አድርጌ ስሙን፣ የምስሯንም ነገር ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ የት ነው የምንሄደው?» አለች።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ከሁለት ዓመት በፊት በረንዳው ላይ ስትወድቅ የተነሳችውን የወገብ ራጅ ታስታውሺዋለሽ። ዛሬ ማለዳ ሄጄ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት፤ ቡናማው ፖስታ ውስጥ እንዳለ ነው። የአሁኑንና የያኔውን ጎን ለጎን አድርጌ በሳሎኑ መስኮት ብርሃን ያዝኳቸው። የአሁኑ ለብቻው ሲታይ ሪፖርቱ እንዳለው ነው፣ ምንም የለበትም። ከበፊቱ ጋር ሲሆን ግን በሦስተኛው የወገብ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ የሰረጎደ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምልሽ፤ የ1982ቱን ቃል አልደግመውም። በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ከትቻቸዋለሁ፤ ራዲዮሎጂስቱ አንድ ላይ እንዲያዩዋቸው። አንድ ራጅ ዝም ሲል ሁለቱ አንድ ላይ ሲናገሩ አይቻለሁና፣ እናንተም ቤት ያለ አሮጌ ፊልም ሁሉ እንዳይጣል፤ አዲሶቹንም ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ጭምር ተቀበሉ።

የሲቲው ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ማዘዣው ላይ «ያለ ኮንትራስት» የሚለው ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። ታክሲው ጎድጓዳውን መንገድ እንዳይወስዳት በላይኛው በኩል ዞረን እንሄዳለን፤ ለጀርባዋ ያንቺን ሰማያዊ ትራስ ትይዛለች። አንቺ ጋ ሌሊት ይሆናል፤ ተኚ። ስንመለስ እኔ እደውላለሁ።